ምሳ ዕቃውን ክፈቱት!

ልጁ ጉንጩ ሞልቶ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም ሲል «እሰይ፣ አምሮበታል! የጥጋብ ቤት ልጅ ነው» ይባላል። አክስት ጉንጩን ቆንጥጣ ትስማለች፤ እናት ምስጋናውን ለራሷ ትወስዳለች። ረሃብ ደጋግሞ የጎበኘው አገር ወፍራም ልጅን የጥጋብ ምስክር አድርጎ ቢያይ አይፈረድበትም። የሚፈረደው ቀለም ቆጥሮ፣ ከደመወዙ ቆርጦ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ባስገባው አዲስ አበቤ ላይ ነው።

እስቲ የዚህን ልጅ ምሳ ዕቃ ክፈቱት። ፓስታ በዘይት፣ ካልሆነም የተጠበሰ ድንች፤ ከጎኑ ብስኩት፤ ከብስኩቱ ጎን «ጁስ» የሚል ስም የተለጠፈበት ስኳር ውሃ። ሽሮ የለም፣ ምስር የለም፣ ጎመንማ ስሙም አይነሳ! ለምን ቢባል «ጓደኞቹ ይስቁበታል»። የሽሮ ሽታ ያሳፍራል፤ ስኳር ግን አያሳፍርም።

ሒሳቡን እንሥራ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል 10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። በቀን 1,500 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ይህ ከ38 ግራም አይዘልም። እንግዲህ አንዷ ጣሳ የቀኑን ድርሻ ጠቅልላ ወሰደች ማለት ነው፤ የጠዋቱ ሻይና የማታው ኬክ ገና አልተቆጠሩም።

«በ2011 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው በተገኙበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ክርክሩ ግን አያስኬድም። የአንዱ ልጅ መቀንጨር ሌላውን ከስኳር ሕመም አያድነውም። እንዲያውም ምፀቱ ወዲህ ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች የበሰለ ቁርስና ምሳ ይቀርባል። በሺህ የሚቆጠር ብር የሚከፈልለት ልጅ ደግሞ ቺፕስ ይቆረጥማል። ሰርቪስ ከደጁ ያነሳዋል፣ እደጁ ያወርደዋል፤ መሮጫ ሜዳ የለው፣ ማታ ስልክ ላይ እንዳፈጠጠ ያመሻል።

ትምህርት ቤቶቹስ? ብዙዎቹ ግቢያቸው ውስጥ ሱቅ አስከፍተው ከረሜላና ለስላሳ ያስቸበችባሉ፤ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ደግሞ «የተመጣጠነ ምግብ» እያሉ ያስተምራሉ። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ስለ ክፍያ ጭማሪ ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንከራከራለን። የሱቁን መደርደሪያ ግን… ለመሆኑ ከእኛ መሐል አንድ ሰው ገብቶ አይቶት ያውቃል?