ጋዜጣ ያላት ሴት መንገዷ ወዴት ነው?



በግቢያችን ስለ ሴቶች የፖለቲካ ተሳትፎ ክርክር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የወንበር ብዛት ነው። በ2011 ዓ.ም. ከሚኒስትሮቹ ግማሾቹ ሴቶች እንደ ነበሩ፥ በ2013 ዓ.ም. ምርጫም ከመቶ 40 ያህሉን የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ሴቶች እንዳገኙ ይነገራል። ነገሩ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ሹመቱን የሰጠው መንግሥት፥ ዕጩዎቹንም በብዛት ያቀረበው ፓርቲ ነው። አንዲት ሴት በራሷ ገንዘብ ጋዜጣ አቋቁማ፥ ሐሳቧን ለሕዝብ አስታውቃ ወደ አደባባይ የምትወጣበት መንገድ ካልተከፈተ፥ የወንበር ቁጥር ብቻውን አይበቃንም።

ይህ መንገድ የት ሊያደርስ እንደሚችል የኒካራጓዋ ወይዘሮ ቪዮሌታ ቻሞሮ ሕይወት ያስረዳል። ባለቤታቸው የላ ፕሬንሳ ጋዜጣ መሪ ነበሩ፤ በጥር 1970 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ወይዘሮ ቪዮሌታ ጋዜጣውን ተረክበው ቀጠሉ። በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ዘጋባቸው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ ገና ታተመ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. በምርጫ አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የእርስ በርስ ጦርነቱ እንዲያበቃ አድርገው፥ በ1989 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን በሰላም አስረከቡ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. በስደት አገር በኮስታ ሪካ ዐርፈዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦች በረከቱ። ወይዘሮ ሰርካለም ፋሲልም ከባለቤታቸው ከአቶ እስክንድር ነጋ ጋር አስኳል፥ ምኒልክና ሳተናው የተባሉትን ጋዜጦች ያሳትሙ ነበር። የፓርቲ ዕጩ ሆነው አልተወዳደሩም። ይሁን እንጂ የ1997ቱ ምርጫ ውዝግብ ሲነሣ፥ በኅዳር 1998 ዓ.ም. ከፖለቲካ መሪዎች ጋር ታሰሩ፤ ከባድ የፖለቲካ ክስም ቀረበባቸው። ልጃቸውን የወለዱት እስረኛ ሳሉ ነው። ከ16 ወር በኋላ፥ በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበታቸው። ድርጅታቸው ግን መቀጮ ተፈርዶበት ፈረሰ፤ በ2000 ዓ.ም. አዲስ ጋዜጣ ለማውጣት ሲጠይቁም ፈቃድ ተነፈጋቸው።

አንዳንዶች «የዚያ ዘመን ጋዜጦች ስሜት ያነሣሡ ነበር» ይላሉ። ስሕተት የጻፈ ጋዜጣ ማረም አለበት፤ የተበደለም ሰው ካሣ ይጠይቅ። ነገር ግን ባለቤቲቱ ነፃ ከተባለች በኋላ ድርጅቷ ከፈረሰ፥ ይህን ያየች ሌላ ሴት ያጠራቀመችውን ገንዘብ በጋዜጣ ላይ ታውላለችን? ሱቅ ወይም ሆቴል ብትከፍት ይሻላታል። በዚህ የሚጎዳው ሕዝብ ነው፤ የሚያነበው ይጎድልበታልና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የፕሬስን ነፃነት አረጋግጧል፤ ማረጋገጫው ግን በማተሚያ ቤቱና በፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በር ላይ ካልታየ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እኛስ በሐዋሳ ምን እናድርግ? ሕግ የማውጣት ሥልጣን የለንም፤ ይህች በማባዣ የምትታተም ጋዜጣ ግን በእጃችን ናት። እኅቶቻችን ግጥምና መጣጥፍ እንዲሰጡን ብቻ እንጠይቃለን፤ አዘጋጅነቱንና የወረቀቱን፥ የቀለሙን ሒሳብ ግን ለወንዶች እንተዋለን። ማን ምን እንደሚታተም የሚወስነው ይህን ሒሳብ የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ኅብረታችን በሚመጣው ዓመት የአዘጋጅነቱንና የገንዘብ ያዥነቱን ሥራ ለሁሉም በግልጽ ውድድር እንዲከፍት፥ እኅቶቻችንም እንዲወዳደሩ እጠይቃለሁ። መምህራኖቻችንም ሒሳብ አያያዝንና የፕሬስን ሕግ ቢያስተምሩን ውለታቸው ትልቅ ነው። ነገ የራሷን ጋዜጣ የምታቋቁም ሴት ሥራውን ዛሬ እዚህ ትልመደው።