ዛፉን መዝግበን ቤቱን ማገዶ እንበል?

የከፋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችው በአንድራቻ፣ በትላልቅ ምሰሶዎች የቆመ የእንጨት ቤተ መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ከፋን ሲይዝ ቤተ መንግሥቱ ወደመ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረከ። ያን ጊዜ ያጠፋው ጦርነት ነው። ዛሬስ የቀረው ቢፈርስ በማን እናሳብባለን?

ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ወደ ዳር እየሰፋች ነው። መስፋቷን አንቃወምም፤ ሕዝብ የተሻለ ቤት ይገባዋል። የምንቃወመው ድንጋይ ሲሆን ቅርስ፣ እንጨትና ጭቃ ሲሆን ጎጆ የሚለውን አስተሳሰብ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ድንጋይን ከእንጨት አላበላለጠም። የከፋን ደን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 መዝግቦታል። ታዲያ ዛፉ ቆሞ ሳለ የዓለም ሀብት፣ ምሰሶ ሆኖ ቤት ሲሸከም ማገዶ የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

ስለዚህ እንጠይቃለን፦ ቦታ ከመሸንሸኑ በፊት አሮጌዎቹ የእንጨት ቤቶች ይመዝገቡ፤ ባለቤቶቹም ለጥገናው ይረዱ። እኛም ተማሪዎች በዕረፍታችን ሜትርና ደብተር ይዘን እንውጣ፤ ሽማግሌዎችንና አናጢዎችን እንጠይቅ። እንጨት ይበሰብሳል፤ የቢሮ ቀጠሮ አይጠብቅም።