መኪናችንን ለማን እናሳይ?

በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምንጨዋወተው ስለ ቤት አያያዝም ሆነ ስለ ልጆች አስተዳደግ አይደለም፤ ጠጋ ብለን ካየነው ግን የሁለቱም ጉዳይ ነው። መነሻችን ከናይሮቢ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። የጸሐፊዋ ባለቤት በምሥራቅ አፍሪካ ተጠባባቂ ኃይል ዋና ጽሕፈት ቤት ተመድበው የሚሠሩ መኮንን ናቸው፤ ጽሕፈት ቤቱም ካረን በተባለው የናይሮቢ ሠፈር ይገኛል። ደብዳቤው በተጻፈበት ጊዜ መኮንኑ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ከተጓዙ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ቤቱም፣ ልጆቹም፣ መኪናዋም በእኅታችን እጅ ናቸው።

መኪናዋ በከተማው እንደሚታዩት እንደ አብዛኞቹ ሁሉ ጃፓን አገር ካገለገለች በኋላ ኬንያ የገባች ትንሽ የቤት መኪና ናት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እኅታችን ፍሬን ሲይዙ ታፏጫለች፤ አልፎ አልፎም ፔዳሉ ከእግራቸው ሥር ቀስ እያለ ይሰምጣል። ሦስት መካኒኮች ዘንድ ሄዱ። አንደኛው የፍሬን ሸራው አልቋል አላቸው። ሁለተኛው አራቱም ዲስኮች ካልተለወጡ አይሆንም አለ። ሦስተኛው ደግሞ ጥፋቱ የፍሬኑ ፖምፓ ነው ብሎ ፈረደ። «ሦስቱም እርግጠኞች ነበሩ፤ እርግጠኛ ያልሆንሁት እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ናይቫሻ ሐይቅ ሊያሳዩ ቃል ገብተዋል፤ ሊሄዱበት ያሰቡትም በማይ ማሂዩ ቁልቁለት የሚወርደው መንገድ ነው። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ ማንን ልመን?

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት የራሳችንን ገመና እንግለጥ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያችው ከተማ ለሥራ በቆየንበት ጊዜ መኪናችን ትሞቅ ጀመር። ጠዋት ጠዋት በሞምባሳ መንገድ ላይ መኪና ከመኪና ተጣብቆ ሲቆም የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ይወጣል፤ መንገዱ ሲከፈት መልሶ ይወርዳል። ስሙ ወደ ተሰማ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ወለሉ የተጠረገ፣ ሠራተኞቹ ንጹሕ ቱታ የለበሱ፣ ተራ ለሚጠብቅም ሻይ የሚቀርብበት ቤት ነበር። ቦኔቱን ከፍቶ ለአምስት ደቂቃ ያህል የተመለከተው ሰው «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ሞተሩ መፈታት አለበት» አለን። የጠየቀን ገንዘብ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ለአንድ ወቅት ከምንከፍለው ጋር የሚስተካከል ነበር። እኛም አያውቁም መባልን ፈርተን እንደሚያውቅ ሰው ራሳችንን ነቀነቅን። ይህን ዓይነቱን ራስ መነቅነቅ ብዙ አባወራ ሳያውቀው አይቀርም። ያዳነን ብልኅነታችን ሳይሆን ኪሳችን ነው፤ ገንዘቡ በዕለቱ አልነበረንም።

በዚያው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባችን ከመንገድ ዳር፣ ከዛፍ ሥር ወደሚሠራ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰደን። ሽማግሌው ቦኔቱን ከመክፈቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀን፤ «የምትሞቀው ቆማ ነው ወይስ ስትሮጥ?» ቆማ ነው አልነው። ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ስትቆም ግን ይህን ሥራ የሚሠራው በኤሌክትሪክ የሚዞረው ማራገቢያ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ተቀመጠ። ውኃው ሞቀ፤ ማራገቢያው ግን አልዞረም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ወዲያው አልፈረደም። በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ አረፋ ይንተከተክ እንደሆነ፣ የሞተሩ ዘይት ወተት መስሎ ነጥቶ እንደሆነ፣ በጭስ ማውጫው በኩል ነጭ እንፋሎት ሳያቋርጥ ይወጣ እንደሆነ አየ፤ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል እነዚህ ምልክቶች ይታያሉና። አንዱም አልነበረም። የተበላሸው ከክብሪት ቀፎ የምታንስ፣ ሪሌ የምትባል የኤሌክትሪክ ዕቃ ሆና ተገኘች። ዋጋዋ ከሁለት ሰው ምሳ አይበልጥም። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያው እያሞቅን ብንነዳት ኖሮ ጓርኒሲዮኑ ውሎ አድሮ መቃጠሉ አይቀርም ነበር፤ ያን ጊዜ የጋራዡ ሰው ትክክለኛ በሆነ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የዛፍ ሥሩ ከጋራዡ ይሻላል» የሚል አንባቢ ቢኖር አደራ አንለውም። አንድ የምናውቀው ሰው ሲቪቲ የሚባለውን ካምቢዮ ለመንገድ ዳር ሠራተኛ ሰጥቶ፣ ለዚያ ካምቢዮ ያልተሠራ ተራ ዘይት ተሞልቶበት ካምቢዮውን ከነአካቴው አጥቶታል። እኛ ልዩነቱን ያየነው በጣሪያው ወይም በቱታው ላይ አይደለም። አንዱ ከመፍታቱ በፊት ጠየቀ፣ ጠበቀ፣ ፈተነ፤ ሌላው ግን ሳይጠይቅ ዋጋ ነገረን። ኮምፒውተር ሰክቶ የሚመረምረውም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ከልክ መውጣቱን ነው እንጂ ምን እንዳወጣው አይደለም። አየር የሚያስገባ አንድ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ጤነኛውን መለኪያ በሽተኛ አስመስሎ ሊያስከስሰው ይችላል። ቁጥሩን አንብቦ ወዲያው ዕቃ የሚያስገዛ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል።

በናይሮቢ ከፀሐይ ሥር የሚሠራውን የእጅ ባለሙያ ሁሉ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ «ብርቱ ፀሐይ» ማለት ነው። መካኒኩ ደግሞ እንደ አናጢውና እንደ ግንበኛው ሁሉ «ፉንዲ» ነው። ይህ ሠራተኛ ሲናቅ የኖረ ቢሆንም ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው የታወቀ ጥናት ለአገሩ ኢኮኖሚ ዋጋ ያለው መሆኑን መስክሮለታል፤ መንግሥቱም በ1992 ስለ ጁዋ ካሊ ልማት የፖሊሲ ሰነድ አውጥቷል። ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ይልቅ ከጌታቸው እጅ የተማሩ ናቸው። ሆኖም በልምድ የተማረም ቢሆን በአገሪቱ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል የሙያ ፈተና ወስዶ ከሦስተኛ ደረጃ እስከ አንደኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። «የስንተኛ ደረጃ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ፈተናውን ያለፈ ሰው ወረቀቱን ሲያሳይ ደስ እንደሚለው አይተናል።

መለዋወጫ ፍለጋ የሚኬደው በአብዛኛው ወደ ኪሪኛጋ መንገድ ነው። ቀድሞ ግሮጋን መንገድ ይባል ስለ ነበር አካባቢውን ዛሬም ግሮጋን የሚለው ብዙ ነው። የከተማው ሰው ሲቀልድ፣ መስተዋቱ የተሰረቀበት ባለ መኪና የራሱን መስተዋት መልሶ የሚገዛው እዚያ ነው ይላል። በዚያ ሠፈር ዕቃ በሦስት ስም ይሸጣል፦ ኦርጅናል፣ ተመሳስሎ የተሠራ፣ ከዚያም «ኤክስ ጃፓን» የሚሉት፣ ከአሮጌ መኪና ተፈትቶ የመጣ። ለበር እጀታና ለመብራት ኤክስ ጃፓን የሚናቅ አይደለም፤ እኛም ገዝተናል። ለፍሬን ሸራ ግን ያገለገለ ዕቃ በነፃ ቢሰጡን እንኳ አንቀበልም።

እግረ መንገዳችንን ስለ ቋንቋ አንድ ነገር እናንሣ። እኛ የመካኒክነትን ቃላት የወረስነው ከጣሊያን ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቺንጋ እያልን ነው ያደግነው። የናይሮቢው ፉንዲ ደግሞ የወሰደው ከእንግሊዝ ነው፤ ካንዴላውን ፕላጊ፣ ፍሬኑን ብሬኪ ይለዋል። መኪናውን ራሱንማ «ጋሪ» ነው የሚለው፤ የእኛን ፈረስ የሚጎትተውን ጋሪ ለሚያስታውስ ሰው መጀመሪያ ላይ ሳቅ ያመጣል። ነገር ግን ቃሉን የማያውቅ ደንበኛ በምልክትና በግምት ይስማማል፤ ግምቱም በኋላ በሂሳቡ ላይ ይታያል። ስለዚህ የመኪናዋን ጠባይ በወረቀት ጽፎ መሄድ ይበጃል፦ መቼ እንደሚሰማ፣ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ ከየትኛው ጎማ በኩል እንደሚመጣ። የዕቃውን ስም መጥራት የመካኒኩ ፈንታ ይሁን።

ምክርና ጥገናን ለያይቶ መግዛት እንደሚቻል የምናውቅ ጥቂቶች ነን። በሽታውን የሚነግረን ሰው መድኃኒቱንም ሻጭ ከሆነ፣ ቅን ሰው እንኳ ቢሆን ዓይኑ ወደ ሸቀጡ ያዘነብላል። ለምርመራው ብቻ ከፍሎ፣ «ጥገናውን አስቤበት እመለሳለሁ» ማለት መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው የኬንያ የአውቶሞቢል ማኅበርም የተሽከርካሪ ምርመራ አገልግሎት አለው። ለምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ የባከነ የሚመስለን፣ በእጃችን ይዘነው የምንመለሰው ዕቃ ስለሌለ ይሆናል።

ሕግም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኬንያ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ስለ ተሽከርካሪ ጥገና የሚናገር ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ስለ ዋጋ ግምት፣ ስለ ባለቤቱ ፈቃድ፣ የተፈታው አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ ስለ መመለሱ ይደነግጋል። ከዛፍ ሥር ማንም አንቀጽ አይጠቅስም፤ ግን «አሮጌውን ዕቃ እወስደዋለሁ» ብሎ ከሥራው በፊት መናገር ያለ ዳኛ የሚሠራ ሕግ ነው። ክፍያውንም በኤም ፔሳ ማድረግ ይመረጣል፤ መልእክቱ ቀኑንና ገንዘቡን ይዞ በስልክ ውስጥ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ እኅታችን ፍሬን እንመለስ። ሁለት ምልክት ነግረውናል፤ ሁለቱ የአንድ በሽታ ምልክቶች ላይሆኑ ይችላሉ። ፉጨቱ በአብዛኛው የሸራ ጉዳይ ነው። ብዙ ሸራዎች ሲሳሱ ከዲስኩ ጋር እየተፋተገች የምታስጠነቅቅ ትንሽ ብረት አለቻቸው። ጎማው ይፈታ፤ ሸራው ይለካ፤ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ የግራውም የቀኙም አብሮ ይለወጥ። የፔዳሉ መስመጥ ግን ሌላ ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጠው ይያዙ። ቀስ እያለ ከወረደና የፍሬን ዘይቱ ከዕቃው ካልጎደለ፣ ፖምፓው በውስጡ እያስተላለፈ ነው ማለት ይቻላል። ዘይቱ ከጎደለ ደግሞ የሚፈስበት ቦታ አለ፤ በየጎማው ውስጥና በቧንቧው ይፈለግ። ስለዚህ አንደኛውና ሦስተኛው መካኒክ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አራቱንም ዲስኮች ይለወጡ ያለው ግን ጎማ ስለ መፍታቱ እንጠራጠራለን፤ ብዙ ትናንሽ መኪኖች በኋላ እግራቸው ያላቸው ዲስክ ሳይሆን ታምቡር ነውና። ይህን ጠይቀው ይድረሱበት።

የፍሬን ዘይቱም አይረሳ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በሳበም ቁጥር በቀላሉ ይፈላል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከገባው በኋላ ግን ከእርሱ የሚጠበቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ልዩነቱ አይታወቅም። በረዥም ቁልቁለት ፍሬን ሲግል ግን ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎት በቧንቧው ይሞላል፤ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የማይ ማሂዩን መንገድ የሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዞች እጅ የወደቁ የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው፤ በ1942 ያሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም ከመንገዱ ዳር ትታያለች። ማይ ማሂዩ በኪኩዩ ቋንቋ «ሙቅ ውኃ» ማለት ነው፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ የሚሞቀው ግን ፍሬንም ጭምር ነው።

እኅታችን ሆይ፣ ፔዳሉ የሚሰምጥ መኪና እስኪጠገን ድረስ ልጆች አይጫኑበትም፤ ናይቫሻ ቀርቶ ትምህርት ቤትም ቢሆን። ለጥቂት ቀናት የታክሲ ሂሳብ ይክፈሉ። በመጀመሪያ ጥገናውን የማይሠራ ሰው ከፍለው ያስመርምሩ፤ ውጤቱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከዚያ ከሦስቱ መካኒኮች መካከል ወረቀቱን አይቶ ሳይቆጣ ጥያቄ ለሚጠይቀው ይስጡት። ጥገናው ሲያልቅ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል በሜዳ ላይ ደጋግመው ይሞክሯት። ቁልቁለቱን ሲወርዱም ማርሹን ዝቅ አድርገው ሞተሩ ይያዝልዎ፤ ፍሬኑን ያለማቋረጥ አይርገጡት። ባለቤትዎ ሲመለሱ የተፈቱትን አሮጌ ዕቃዎች ከነካርቶናቸው ያሳዩአቸው። ናይቫሻ ደርሳችሁ ስትመለሱም ሁለት መስመር ቢጽፉልን ደስ ይለናል።