ሄዶ መመለስ ነውር ሆነ እንዴ?

እስቲ አንዲት የጎበሳ ልጅ እናስብ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ግብርና ታጠናለች። ቀናትና ለአንድ ሴሚስተር ስዊድን ሄዳ እንድትማር ተመረጠች እንበል። በነሐሴ መጨረሻ ትሄዳለች፣ ጥምቀት ሰሞን ትመለሳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ሰፈሩ ግን እንዲህ አይሰማውም። ገና ቪዛው ሳይመታ "ልጅቷ ወጣች" ይባላል። ቡና ይፈላል፣ ምርቃቱ ይዘንባል። በጥር ሻንጣዋን ይዛ ከአሰላ መኪና ስትወርድ ደስታው ሁሉ ወደ ልቅሶ ቤት ድምፅ ይለወጣል። "ምነው የኔ ልጅ፣ በደህና ነው? አባረሩሽ እንዴ?" ትምህርቱ እንዴት ነበር ብሎ የሚጠይቃት የለም። ያየነው፣ የሰማነው ነገር ስለሆነ ማጋነን አይደለም። ውጭ መሄድ ማለት መቅረት ነው ብለን ከደመደምን ቆየን።

የሚገርመው ይህ ነገር በአርሲ ምድር መሆኑ ነው። ስዊድን ለአርሲ ሰው ሩቅ አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ ያንን ስመ ጥሩ ካዱን፣ አሰላ ላይ አቋቋሙ። ስዊድናውያን ባለሙያዎች መጡ። ማዳበሪያና ምርጥ የስንዴ ዘር ለገበሬው በብድር ቀረበ፣ የወተት ላሞች ተዳቀሉ፣ መንገድ ወጣ። እነዚያ ፈረንጆች የስንዴን ነገር ሲያስተምሩ የእኛንም አፈር፣ የእኛንም ገበሬ ተማሩ። ከዚያስ? ውላቸው ሲያልቅ አገራቸው ተመለሱ። ያዩትን ጻፉ፣ ባወቁት ሥራ አገኙበት። እዚያ ሰፈራቸው ውስጥ "ምነው ኢትዮጵያ ሳትቀሩ መጣችሁ?" ብሎ ያዘነላቸው ጎረቤት የነበረ አይመስለንም።

የራሳችንንም ሰዎች እናንሳ። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1995 ስዊድን ጎተንበርግ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አጠለቀ። የበቆጂዋ ጥሩነሽ ዲባባ በ2005 ፊንላንድ ሄልሲንኪ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈች። ሄዱ፣ ሠሩ፣ ተመለሱ። በአበባ ተቀበልናቸው። ለሯጭ ሄዶ መመለስ ክብር ከሆነ ለተማሪ ውርደት የሚሆንበት ምክንያት ምንድነው?

ደግሞ አንድ ሴሚስተር ቀላል ነገር አይደለም። ለአርሲ ደጋ ልጅ ብርዱ ብዙም አያስገርመው ይሆናል፤ ጨለማው ግን ያስደነግጣል። በታኅሣሥ አጋማሽ ኡፕሳላ ላይ ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። መምህሩን "ፕሮፌሰር" ሳይሉ በስሙ ብቻ መጥራት አለ። ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ኮርስ በአንድ ላይ ከመሸከም አንዱን ለሳምንታት ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ወደ ሌላው ማለፍ አለ። ግብርና ለምታጠና ልጅ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ የምታየው ነገር አላት፤ ወተቱን የሚያልበው ገበሬ ራሱ የወተት ፋብሪካው ባለቤት የሚሆንበትን የኅብረት ሥራ። አርላ የተባለው ግዙፍ የወተት ኩባንያ የስዊድንና የዴንማርክን ጨምሮ የገበሬዎች ንብረት ነው። ይህን አይታ ጎበሳ የምትመለስ ልጅ የምትናገረው ነገር አይጠፋትም።

ካዱ ራሱ ያስተማረን አንድ ነገር አለ። ምርቱ ጨመረ፤ ነገር ግን እርሻው ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ጢሰኛውን ከመሬቱ ማፈናቀል ጀመሩ። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ዘሩን ያውቃል፣ በመሬቱ ላይ ማን ማንን እንደሚያባርር የሚያውቀው ግን የአገሩ ልጅ ነው። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል። እሱ ደግሞ ሄዶ የተመለሰው ነው።

"ተመልሳ ምን ልትበላ?" የሚለን ወዳጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት በየሰፈሩ አለ። እዚያ ቀርቶ ለእናቱ ብር የሚልከውንም ልንወቅስ አልተነሳንም። ነገር ግን የልውውጥ ዕድል የአንድ ሰው ትኬት አይደለም፣ የሁላችንም በር ነው። በሙሉ ዲግሪ መሄድ ለደሃ ልጅ እየከበደ ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይም በ2023 ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን ተማሪ ማስከፈል ጀምረዋል። በዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት ለአንድ ሴሚስተር የሚሄድ ተማሪ ግን ይህን ክፍያ አይከፍልም። የሄደው ሁሉ ከቀረ ፈቃድ ሰጪውም ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲም ቀጣዩን አመልካች በጥርጣሬ ማየቱ አይቀርም። ያ ቀጣይ አመልካች ደግሞ የጎረቤታችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ የሰፈሩ ብቻ ነው ብለን ግን ዩኒቨርሲቲዎቻችንን አናልፍም። እዚያ አንድ ሙሉ ሴሚስተር 30 የአውሮፓ ክሬዲት ነው። ተማሪው ያንን ይዞ ሲመለስ "ይህ ኮርስ ከእኛ ጋር አይገጥምም" ተብሎ ዓመት የሚደግም ከሆነ በገዛ እጃችን ቀጣነው ማለት ነው። ስለዚህ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ተማሪው አውሮፕላን ሳይሳፈር በጽሑፍ ይለቅ። ማስታወቂያውም ዲን ቢሮ በር ላይ ለሁለት ቀን ተለጥፎ አይነሳ። ተመልሶ ሲመጣም ለታናናሾቹ ያየውን የሚያወራበት አንድ ከሰዓት በኋላ ይሰጠው። ይህ ምንም በጀት አይጠይቅም፤ አንድ አዳራሽና ጥቂት ወንበር ብቻ ነው።

ዞሮ ዞሮ ከቤት እያልን የምንተርት ሰዎች ዞሮ ቤቱ የገባውን ልናሳፍረው አይገባም። ዘንድሮ በጥር የሚመለስ ተማሪ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ "ምነው መጣህ?" አትበሉት። ቡናውን አፍሉና "ምን አየህ?" በሉት።