ባሌ ልብ ወለድ ይጽፋል

ወረታ የምትኖር አንዲት እኅት ለዚህ ዓምድ ጥያቄ ልካለች። ባሏ መምህር ነው። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ የጻፈውን ልብ ወለድ ጨርሷል፤ ከሩዝ ሽያጭ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ደግሞ ለማተሚያ ቤት ሊከፍል ይፈልጋል። “ልብ ወለድ ውሸት አይደለም ወይ? ገንዘባችንስ? ዝም ልበል?” ትላለች። ጥያቄው የብዙዎቻችሁን ቤት የሚያንኳኳ ስለ መሰለኝ ለሁላችሁ እመልሳለሁ።

አስቀድሞ ስለ ውሸቱ። ጌታችን ስለ ጠፋው ልጅ ሲናገር ሰሚዎቹ የልጁን ስምና የአባቱን አገር አልጠየቁትም፤ ምሳሌ መሆኑን ያውቁ ነበር። ውሸታም የፈጠረውን ነገር እውነት ነው ብሎ የሚያሳምን ነው። ጆን ቡንያን የክርስቲያንን ጉዞ በፈጠራ ታሪክ ጽፎ በ1678 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ወዲህ ስንት አማኝ ተጽናንቶበታል! ስለዚህ እኅቴ፣ “ለምን ጻፍክ?” ከማለትሽ በፊት “ምን ጻፍክ?” በዪው።

ለጣና ዳር ሰው ደግሞ ልብ ወለድ እንግዳ ነገር አይደለም። ከፎገራ ሜዳ ሐይቁን ተሻግሮ በሚገኘው ዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት “ልብ ወለድ ታሪክ” የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። አቤ ጉበኛም ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቁ የተወለዱ ናቸው።

የአቤን ኑሮ ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ። የመንግሥት ሥራቸውን ትተው በብዕራቸው ለመኖር ቆረጡ። በማኅፀን ሳለ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ስለሚል ጽንስ የሚተርከው “አልወለድም” በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ጥቂት እንደ ተሸጠ ታገደ፤ ደራሲውም ወደ ኢሉባቦር ተጋዙ። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት የመንግሥት ሥራቸውን እንደ ያዙ ነው። እኔ ቤተሰብ ላለው ሰው የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። ባልሽ ማስተማሩን አይተው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ማተሚያ ቤት ቀብድ ይቀበላል። አከፋፋይ ድርሻውን ይቆርጣል፤ በአደራ የተሰጠ መጽሐፍ ገንዘቡ የሚመለሰው ከተሸጠ በኋላ ነው፣ እሱም በስንት ምልልስ! ስለዚህ ለዘርና ለክፉ ቀን ያስቀመጣችሁትን አትንኩ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ የፎገራን ሰው ከቤቱ ሲያፈናቅል ያያችሁ፣ ክፉ ቀን ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በቀረው ጥቂት ቅጂ ይታተም፤ ካለቀ ይደገማል።

መሸጫ ወቅቱንም ከገበሬው ተማሩ። በሰኔ የገበሬው ብር ዘርና ማዳበሪያ ላይ ስለሚውል በዚያ ወር መጽሐፍ ይዞ የሚዞር ሰው ሰውን አይውቀስ። በኅዳር ሩዙ ሲታጨድ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ጓያው ሲከተል፣ ቀጥሎም የመስኖው ሽንኩርት ሲደርስ እጅ ይፈታል። በጥር ሠርግ አለ፤ መጽሐፍ ከብርጭቆ የማያንስ ስጦታ ነው። (ለእኛ ሠርግ ስንት ብርጭቆ እንደ መጣ አልናገርም!) ደራሲው ራሱ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ እየቆመ ያንብብ። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰምቶታል፤ የሰው ድምፅ መጽሐፍን ሩቅ ያደርሳል። አንቺም ብሩን የምትቆጥሪ፣ የዱቤውን ደብተር የምትይዢ ሁኚ። ደራሲዎች ለሰው በነጻ መስጠት ይወዳሉ።

ክረምቱ ግን የመጻፊያ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ይመስላል፤ በመስከረም ደግሞ አደይ አበባው ይወጣል። በዚያ ወራት ባልሽ በመስኮት ውኃውን እያየ ዝም ቢል የተቆጣሽ አይምሰልሽ፤ ሥራ ላይ ነው። ሻይ አቅርቢለት፤ እርሱም በተራው ማገዶውን ያስገባ፣ ልጆቹን ያስተኛ፤ መጻፍ ከቤት ሥራ ነጻ አያወጣም።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ግን ረቂቁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብብልሽ። የሰለቸሽ ቦታ ላይ ሰለቸኝ በዪ፤ ካለቀስሽም አትደብቂው። ደብተሮቹንም ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጪያቸው።