ከነገለባው

ልጄን ከፕሌይስቴሽን ቤት ጆሮውን ይዤ ያወጣሁት ጓደኞቹ ፊት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከ"እሺ" እና ከ"አይ" በቀር ቃል አልተነፈሰልኝም። እናቱ መሀል ገብታ ለማስታረቅ ብትሞክርም አልሆነላትም። ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ስለሆነች ለልጅ መዋያ አይጠፋም። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ቤት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ከነከነኝ። የእህቱን አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ጓዳ ይገባል፤ ለእራት ሲጠሩት ይወጣል።

አንድ ማታ ገብቼ አየሁ። ስክሪኑ ጠቁሮ ነጫጭ ፊደላት እየተከታተሉ ይወርዱበታል። "ምንድን ነው ይሄ?" አልኩት።

"ኢሙሌተር ልገነባ ነው፤ እምቢ አለኝ እንጂ" አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰማሁት ረጅሙ ንግግሩ ነበርና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ኢሙሌተር አንዱን ማሽን እንደ ሌላ ማሽን ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። በአማርኛ "አስመሳይ" ብለው ስድብ ስለሚሆን እንዳለ ትቼዋለሁ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ፒኤስፒ የተባለ በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ለገበያ አቀረበ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ማምረቱን አቆመ። ሄንሪክ ሪድጎርድ የተባለ ስዊድናዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባለውን ኢሙሌተር አወጣ። የፒኤስፒ አንጎል የሚገባው የትእዛዝ ቋንቋ ከላፕቶፑም ከስልኩም ይለያል። ኢሙሌተሩ መሀል ቆሞ ያስተረጉማል፤ አንዴ የተረጎመውንም ስለሚያስቀምጠው ያው ትእዛዝ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና አይደክምም። የልጆችዎን ወይም የልጅ ልጆችዎን ስልክ ቢያዩ ይህንኑ ፕሮግራም ሳያገኙት አይቀርም።

"ስልክህ ላይ ተጭኖ አለ አይደል? ምን ብለህ ነው የምትገነባው?" አልኩት።

"ስልኩ ላይ ያለው ያለቀለት ነው። ውስጡ አይነበብም፣ አይነካም። ይሄ ሶርስ ኮዱ ነው፤ ሰው የጻፈው። ከዚሁ ከአንዱ ጽሑፍ ለዊንዶውስም፣ ለሊኑክስም፣ ለማክም፣ ለስልክም ይሠራል።"

እናቴ ጥጓ ላይ ቁጭ ብላ ስትሰማ ቆይታ "ታዲያ ከነገለባው ነው በለና" አለች።

ፎገራ ላልኖረ ሰው ይህ ትርጉም ያስፈልገዋል። ሩዝ በሜዳችን ላይ የያዘው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሲያስተምሩ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃ የሚተኛበት መሬት ያን ጊዜ ለከብት ግጦሽ እንጂ ለሌላ ብዙም አይፈለግም ነበር። ዛሬ ሩዙን ከጤፍ ቀላቅለን እንጀራ እንጋግረዋለን። እናቴ ያን ሁሉ በዓይኗ አይታለች። የተፈለፈለ ነጭ ሩዝ ይበላል እንጂ አይዘራም። ዘር የሚሆነው ገለባው ያልተገፈፈው ብቻ ነው። የእሷ ንግግር ልጁን ስላሳቀው ከዚያ በኋላ አፉ ተፈታ።

እምቢ ያለውም ለካ በቀላል ነገር ኖሯል። ኮዱ ጊትሀብ ከሚባል የፕሮግራም ጸሐፊዎች መጋዘን ነው የሚገኘው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለችው እህቱ ዘንድ ሄዶ አንዱን የታሸገ ፋይል በፍላሽ ገልብጦ መጥቷል። ነገር ግን ይህ ፕሮግራም ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ክፍሎች ይጠቀማል፤ ቪዲዮ የሚያነበው ለምሳሌ የሌሎች ሥራ ነው። እነዚያ በየራሳቸው መጋዘን ስለሚቀመጡ በታሸገው ፋይል ውስጥ አይገቡም። አቃፊዎቹ ስማቸው አለ፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። ሞፈርና ቀንበር ይዞ ማረሻውን እንደ መርሳት ማለት ነው። ከነተቀጽላዎቹ እንዲወርድ ተብሎ በግልጽ መታዘዝ አለበት፤ ያ ደግሞ ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?" ብለው፣

"ጌም ስትሰማ ጆሮዬን ትይዘዋለህ ብዬ" አለኝ። ምን መልስ ይሰጣል?

ቅዳሜ የስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የመንገድ ሒሳቡን ሰጠሁት። ማታ ፍላሹን ይዞ ተመለሰ። ሲሜክ የሚባለውን አዘጋጅና ሲ ፕላስ ፕላስ የሚያነበውን ኮምፓይለር ቀድሞ ጭኗቸው ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀመረ። አምስት ፐርሰንት፣ አሥር ፐርሰንት እያለ በሺህ ከሚቆጠሩት ፋይሎች አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ይጀምራል፤ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ጋለ። ስልሳ አንድ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። እኔ እሱን ብሆን ኖሮ አለቅስ ነበር። እሱ ግን ቡናውን እየጠጣ "የተፈጨው አይጠፋም አባዬ፤ አንዱ ግማሽ ላይ የቀረው ብቻ ነው የሚበላሸው" አለኝ። እውነትም ማታ መብራት ሲመጣ ያንን አንዱን አጥፍቶ ከቆመበት ቀጠለ።

እየጠበቅን ሳለ "ጌሙስ ከየት ነው የሚመጣው?" አልኩት። ዝም አለ። ይህን እናንተም ብትጠይቁ ጥሩ ነው። ኢሙሌተሩን መሥራት ወንጀል አይደለም። ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተር ሲሠራ ሶኒ ከሶት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈርዷል። የፒፒኤስኤስፒፒ ኮድም ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። ጌሞቹ ግን የባለቤቶቻቸው ናቸው። የእኛም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል። ከስልክ ወደ ስልክ የሚገለበጠው የእግር ኳስ ጌም የሰው ንብረት መሆኑን ነገርኩት። "ሁሉም እኮ እንዲሁ ነው የሚያደርገው" አለ። "አውቃለሁ፤ እኔም የዘፈን ካሴት አስቀድቻለሁ" አልኩት። ውሸት ምን ያደርጋል።

መላውን ያመጣው ራሱ ነው። ኬቭ ስቶሪ የሚባል ጌም አለ። ዳይሱኬ አማያ የተባለ ጃፓናዊ ለብቻው አምስት ዓመት ደክሞበት እ.ኤ.አ. በ2004 በነፃ ለቆታል። ለፒኤስፒ የተዘጋጀውን ቅጂ የኢሙሌተሩ ሰዎች ራሳቸው ያድሉታል። እሱንም በፍላሹ ይዞ መጥቶ ኖሯል።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መቶ ሞላ። እኔ አለቀ ብዬ ልነሳ ስል "ቆይ" አለኝና አንድ ፋይል ከፍቶ አንድ መስመር ነካክቶ እንደገና አዘዘ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ስፈራ የተነካውን ፋይል ብቻ ሠርቶ በጥቂት ደቂቃ ጨረሰ። መስኮቱ ተከፈተ። አናቱ ላይ የፕሮግራሙ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ በእኛው ፊደል አንዲት ቃል ተቀምጣለች።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ነጠላዋን ሰብስባ ቀረበች፤ ጣቷንም ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

"እ... ማ... ማ። እኔን ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ይሄ ነገር እኔን ከተባለማ፣ ውስጡ ምን እንዳለ እስቲ አሳየኝ።"

ወንበሬን ለቀቅኩላት።