«ይያዙት፤ አሁን ይልቀቁት»

ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ተነስቶ፣ በነፋስ መውጫ በኩል ደብረ ታቦር ደርሶ፣ ሲብስም ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ገብቶ ሐኪም ያየ ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። መርፌ ካልተወጋ፣ ቢያንስ ክኒን በፌስታል ካልያዘ የታከመ አይመስለውም። አይፈረድበትም፤ ለመሳፈሪያው በግ ሸጧል። ፊዚዮቴራፒ ክፍል የተላከ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው የቤት ሥራ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ስለማያገኝ «ምንም አላደረጉልኝም» ብሎ ተከፍቶ በዚያው ይቀራል።

እግሩ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ጄሶ ውስጥ የቆየ ገበሬ፣ ጄሶው ሲፈታለት እግሩ የራሱ አይመስለውም። ጭኑ ቀጥኗል፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሏል። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጡንቻውና መገጣጠሚያው ግን ሥራ ፈትተው ከርመዋል። ፊዚዮቴራፒስቱ መጀመሪያ የሚያየው ደህናውን እግር ነው፤ የታመመው የት መድረስ እንዳለበት የሚያውቀው ከሱ ነውና። ቀጥሎ ያስኬደዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያስነሳዋል። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ደግሞ «ቁጢጥ ብለህ ትጸዳዳለህ? መደብ ላይ ትቀመጣለህ? ሞፈር ይዘህ ትዞራለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የታች ጋይንት ሰው ጉልበት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ያህል ብቻ ቢታጠፍ ምን ይረባዋል?

የሚሰጠው እንቅስቃሴ ያማል ወይ? አዎ፣ ይስባል፣ ይለበልባል። እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላ ረገብ የሚል ሕመም አያስፈራም። እብጠትና ሕመሙ እስከ ማግስቱ ካደረ ግን በዝቷልና መቀነስ ነው።

ከሐኪም በፊት የሚጠራውን ወጌሻ አላጣጥልም። ወለም ያለውን እግር በቅቤ አሽቶ፣ ሰውየውን አሳርፎ የመለሰ ስንት አለ። የምፈራው ማሰሪያውን ነው። የተሰበረ ክንድ በሸምበቆ ተወጥሮ ሲታሰር ደም ይቆማል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው፤ ለነገ የሚባል ነገር የለም። በአገራችን ሆስፒታሎች እጅና እግራቸው ከሚቆረጥ ሕፃናት ብዙዎቹን ለዚህ የዳረጋቸው ይኸው የጠበቀ ማሰሪያ ነው።

እስካሁን ያልኩት በአደባባይ የሚወራ ነው። የተሰበረ እግር ጠያቂ አያጣም፣ ጠላም ይጠመቅለታል። ስታስል ሽንቷ የሚያመልጣት፣ ጀሪካን ስታነሳ «ወደ ታች የሚወርድ ነገር» የሚሰማት ሴት ግን ለማን ትናገር? መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ትውላለች። ከጎንደር ብዙም በማይርቀው በዳባት ወረዳ የተደረገ ጥናት ላይ፣ በምርመራ ከታዩት ሴቶች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ መጠነኛም ሆነ ከዚያ የባሰ መውረድ ታይቷል። ችግሩን ራሳቸው የተናገሩት በጣም ጥቂት ነበሩ።

ከዳሌ አጥንት ሥር፣ ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግተው ፊኛን፣ ማህፀንንና ዓይነ ምድር መውጫን የሚሸከሙ ጡንቻዎች አሉ። በተደጋጋሚ ወሊድ፣ በተራዘመ ምጥና በሸክም ይላላሉ። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር በ1940ዎቹ፣ በእንቅስቃሴ ሊጠነክሩ እንደሚችሉ ካሳየ ወዲህ ሕክምናው በየአገሩ የተለመደ ሆኗል።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ዘመዴን ይዤ ይህ ሕክምና የሚሰጥበት ፊዚዮቴራፒ ክፍል ገብቼ ነበር። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ምን እንደምታደርግ አስቀድማ ነገረቻቸው፣ ካልፈለጉም መተው እንደሚችሉ አከለችበት። በጀርባቸው ተኝተው ጉልበታቸውን አጠፉ።

«እማማ፣ ሰው መሃል ተቀምጠው ንፋስ ቢመጣብዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ኧረ ተይ ልጄ!» አሉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ እየሳቡ። «ምን አደርጋለሁ፣ እይዘዋለኋ!»

«እሱን ነው የምፈልገው። ይያዙት… አሁን ይልቀቁት። ቂጥዎ ከአልጋው አይነሳ፤ ትንፋሽዎንም አያፍኑ።»

ሲያቅታቸው ሲስቁ፣ ሲስቁ ሲያቅታቸው፣ በመጨረሻ ገባቸው። ሕክምናው በአብዛኛው ይኸው ነው። ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሰብስቦ መያዝ፤ አምስት፣ እየቆየም እስከ አስር መቁጠር፤ ከዚያ በደንብ መልቀቅ። ስምንት ጊዜ ያህል ይደጋገማል፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ከማሳልና ከማንሳት በፊትም ሰብሰብ ማድረግ ነው። አንዳንዷ ላይ ደግሞ ጡንቻው ከመላላት ይልቅ ተኮማትሮ ሕመም ያመጣል፤ እሷ መማር ያለባት መልቀቁን ስለሆነ ከጎረቤት ሰምቶ መጭመቅ ይጎዳታል። ባለሙያ ማየቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በጣት የሚደረግ የውስጥ ምርመራ ሊኖር ይችላል፤ በፈቃድ ብቻ ነው፣ ሴት ባለሙያ ይሁንልኝ ማለትም መብት ነው።

የማይሆንለትም አለ። ጨርሶ የወጣ ማህፀን በዚህ አይመለስም፤ ከውስጥ የሚደግፍ ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ፌስቱላም ቀዳዳ ስለሆነ በአብዛኛው የሚዘጋው በቀዶ ሕክምና ነው፤ ለዚያ የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ባሕር ዳር አለ። በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት ዶክተር ካትሪን እና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ባቆሙት ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ የሕክምናው አካል ነው፤ በተራዘመ ምጥ ነርቭ ተጎድቶ እግራቸው የሚጎተት፣ ለወራት ተኮራምተው ተኝተው ጉልበታቸው የታሰረ ሴቶች ስለሚመጡ። ከባድ የወገብ ሕመም ይዞት ድንገት ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው ሰው ግን፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መግባት አለበት።

ወደ ዘመዴ ልመለስና፣ ከልምምዱ በኋላ ባለሙያዋ «ከባድ ነገር አያንሱ» አለቻቸው። ዘመዴ ዝም ብለው አዩዋት። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ከወንዝ ቤት ድረስ ደግሞ ዳገት ነው። ከቆላው እህል ተሸክሞ አርብ ገበያ የሚወጣ ሰው «ከባድ» የሚለው ሌላ ነገር ነው። እኔ እንደማየው ሕክምናው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ምክሩ ለታማሚዋ ብቻ ይነገራል፤ ሸክሙን ሊያነሳላት የሚችለው ባል ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል፣ ማንም አይጠራውም። ችግረኛውን እያሠራ የሚደግፈው ሴፍቲኔት እንኳ ለዚህ አስቧል። መመሪያው ነፍሰ ጡሯን በእርግዝናዋም ከወለደችም በኋላ ከድንጋይና ከአፈር ሥራ ያሳርፋታል፣ ድጋፏም አይቋረጥም። ከእርከን ሥራ ያረፈች ሴት ግን ማታ ማገዶ ይጠብቃታል። እንግዲህ ባልየው ይግባና ይስማ፤ አህያ ካለ አህያው ይጫን፣ ከሌለ ጀሪካኑ በአስር ሊትር ይለወጥ።

ለዚህ ሁሉ ደብረ ታቦር ድረስ መሄድም ሁልጊዜ አይቻልም፤ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን ቀበሌው ውስጥ ናት። እናት ልጇን በ45ኛው ቀን ለክትባት ይዛ ስትመጣ የሚመዘነውም የሚወጋውም ሕፃኑ ነው፤ እሷን ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ስታስዪ ሽንት ያመልጥሻል? የሚወርድ ነገር ይሰማሻል? ከባልሽ ጋር ስትተኚ ያምሻል? ሦስቱ ጥያቄዎች ከክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ቢታተሙ አምስት ደቂቃ አይፈጁም። ለአንዱ «አዎ» ያለችውን ጥግ ወስዶ የንፋሱን ጥያቄ መጠየቅ ነው።